ከአፋር በረሃ እስከ ታጁራ ባሕር ዳርቻ፦ ለሁለት ዓይነት ሙቀት ዕቃ እንዴት ይያዛል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽና በሚሌ ሰመራ፣ ከሰመራ አፍዴራ፣ ኤርታሌና ዳሎል። ከዚያ ተመልሶ በጋላፊ ድንበር ወደ ጅቡቲ፣ ወደ አሳል ሐይቅና ወደ ታጁራ። በረሃና ባሕር በአንድ ጉዞ ማየት ለሚፈልግ ሰው በቅርባችን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ዕቃ ሲታሰር ግን አብዛኛው ሰው «ሞቃት አገር ነው» ይልና ቁምጣና ቲሸርት ይሞላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የአፋር ሙቀት ደረቅ ሐሩር ነው። ላብ ከመታየቱ በፊት ይተናል፤ ማላባችሁን የምታውቁት ሸሚዛችሁ ላይ ነጭ የጨው መስመር ስታዩ ነው። የጅቡቲ ወበቅ ነው። ላቡ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። አንዱ ቦታ የጠቀማችሁ ልብስ ሌላው ቦታ ያሠቃያችኋል። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ የተደራጀው በዚህ ልዩነት ዙሪያ ነው።

አንደኛ፦ ቀኑንና ወረቀቱን ጨርሱ

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነበር። ልብ በሉ፣ ቀኑም ሌሊቱም፣ በጋውም ክረምቱም ተደምሮ የወጣ አማካይ ነው። በግንቦትና በሰኔ እዚያ መውረድ ጀግንነት አይባልም። ጅቡቲም ቢሆን በእነዚያ ወራት አቧራ የሚያነሳ ትኩስ ነፋስ አላት።

ወደ ዳሎልና ኤርታሌ ያለ አካባቢው ፈቃድና ያለ አፋር መሪ አይኬድም። እሳተ ገሞራውም የራሱ ፕሮግራም አለው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከኤርታሌ ብዙም የማይርቀው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን፣ ኦማንና ሕንድ ድረስ ሄዷል። የአፍዴራ ነዋሪም አመድ ለብሶ ነበር። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ሰመራ ካለ ሰው አጣሩ።

ለጅቡቲ ፓስፖርት፣ እንደ ዜግነታችሁ ቪዛ፣ እና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ክትባቱ የሚቆጠረው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አትሩጡበት። አንዴ ከተወጋችሁ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ኮፒዎቹን ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ አድርጉ፣ ፎቶአቸውን ደግሞ ስልካችሁ ላይ።

ገንዘብ፦ በረሃው ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ የሞባይል ክፍያም አብሮ ይጠፋል። ዝርዝር ብር ያዙ። የጅቡቲ ፍራንክ ለ1 ዶላር ወደ 177 ገደማ ነው፤ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ ዋጋው አይዋዥቅም። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ የወሰዳችሁበትን ደረሰኝ ከገንዘቡ ጋር አኑሩት። ድንበር ላይ ከወሬ ይልቅ ወረቀት ይሠራል።

ሁለተኛ፦ ሦስት ቦርሳ አዘጋጁ

ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ ቤት ይቅር። መኪና ላይ አይታጠፍም፣ አሸዋ ላይ አይጎተትም። ለስላሳ የጉዞ ቦርሳ ይበቃል። አከፋፈሉ እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው የእጅ ቦርሳ ነው። ሁልጊዜ እግራችሁ ሥር ይሆናል። ውኃ፣ ኮፍያ፣ መነጽር፣ ሰነድ፣ መድኃኒት፣ ሶፍት፣ ባትሪ፣ ስልክ።

ሁለተኛው የበረሃ ቦርሳ ነው። ከሰመራ እስከ ዳሎልና መልስ ያለውን ይይዛል።

ሦስተኛው የባሕር ቦርሳ ነው። ጋላፊን እስክትሻገሩ ድረስ አይከፈትም። ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። የበረሃው አቧራ ዱቄት ነው፤ በተከፈተ ዚፕ ሁሉ ይገባል። በረሃ ውስጥ አንዴ የከፈታችሁት ቦርሳ ጅቡቲ ሲደርስ ውስጡ ያለው ንጹሕ ልብስ ንጹሕ አይሆንም። ልብሱን በትልቅ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ዘግታችሁ አስቀምጡት።

ሁለቱ ቦርሳዎች ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫኑ ከሆነ ሸራ አልብሷቸውና በሲባጎ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሯቸው። የሚቀልጥና በሙቀት የሚበላሽ ነገር ግን ጣራ ላይ አይወጣም። ቅባት፣ መድኃኒት፣ ፓወር ባንክ፣ ሁሉም ወደ ውስጥ።

ሦስተኛ፦ ልብስ

ለበረሃው ሰፋ ያለ፣ ፈካ ያለ ቀለም ያለው፣ እጀ ረጅም የጥጥ ሸሚዝ ሁለት። ሰፋ ያለ ረጅም ሱሪ ሁለት፤ ለሴት ረጅም ቀሚስ ወይም ሰፊ ሱሪ። ሰውነትን መሸፈን የሚያሞቅ ይመስላል። ደረቅ ሐሩር ውስጥ ግን ተቃራኒው ነው። ጨርቁ ፀሐዩን ይከለክላል፣ ላቡን ትንሽ ያቆያል፣ ነፋስ ሲመታው ያበርዳችኋል። የአፋር ሰው ተሸፍኖ የሚሄደው የሚለብሰው ስለበዛለት አይደለም። ደግሞም የምትሄዱት ሙስሊም ማኅበረሰብ ዘንድ ነው። ቁምጣና እጅ የሌለው ልብስ ለባሕር ዳር ይቆዩ፤ እዚያም ውኃው አጠገብ ብቻ።

ሽርጥ። ይህን ያልያዘ ሰው ግማሽ ዕቃውን ረስቷል። የአፋር ወንድ ወገቡ ላይ የሚያሸርጠው ጨርቅ ነው፤ አዋሽም፣ ሎጊያም፣ ሰመራም ገበያ ታገኙታላችሁ። ማታ ይለበሳል፣ ይነጠፋል፣ ይከለልበታል፣ ይታጠቡበታል፣ ባሕር ዳር ፎጣ ይሆናል። ሁለት ግዙ። ሴቶች ነጠላ ወይም ቀለል ያለ ትልቅ ሻሽ ጨምሩ። ለራስ፣ ለአፍንጫ፣ ለአንገት፣ ሜዳ ላይ ለሽንት ሲወጣ ደግሞ ለመከለያ።

ኮፍያ ዙሪያውን ጥላ ያለው፣ ከአገጭ ሥር የሚታሰር ይሁን። የቤዝቦል ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን ለፀሐይ አሳልፎ ይሰጣል። ዳሎል አካባቢ ነጩ የጨው ሜዳ ብርሃኑን ከታች ወደ ላይ ይመልሰዋል። አገጭና የአፍንጫ ሥር የሚቃጠለው ለዚህ ነው። መነጽሩም ከጎን የሚከልል ቢሆን ይመረጣል።

ለባሕሩ ጥጡን ቀንሱ። ጅቡቲ ውስጥ ጥጥ ሲረጥብ እርጥብ ሆኖ ይውላል። ብብትና ጭን ያሻክራል፣ ሽፍታ ያመጣል። ቶሎ የሚደርቅ ስስ የስፖርት ጨርቅ ወይም ሊኖ ይሻላል። ሦስት ስስ ላይ ልብስ፣ አንድ ቁምጣ፣ አንድ ቀለል ያለ ሱሪ፣ የዋና ልብስ። ለዋና እጀ ረጅም የሆነው ይሻላል። ሰው ባሕር ላይ ጀርባውን የሚያቃጥለው ተኝቶ ሳይሆን እየዋኘ ዓሣ ሲያይ ነው።

የውስጥ ልብስና ካልሲ ስንት? እዚህ ጋ የሁለቱ ሙቀት ጉዳይ እንደገና ይመጣል። በረሃው ላይ ያጠባችሁት ወዲያው ይደርቃል፤ ነገር ግን ለልብስ የሚባክን ውኃ የለም። ባሕር ዳር ውኃው አለ፤ ነገር ግን ልብሱ ውጭ ተሰቅሎ አድሮ እርጥቡን ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ለበረሃው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ ያዙ። ለባሕሩ ሦስት ይበቃል፤ ማታ እጠቡና ኤሲ ያለው ክፍል ውስጥ ስቀሉት። ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ እስኪነጋ ይደርቃል።

አንድ ሙቅ ልብስም ያስፈልጋል። ስቃችሁ አትለፉት። ከአዲስ አበባ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ንጋት ስትወጡ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ኤርታሌ ላይም ሌሊት ነፋስ አለ። ቀላል ጃኬት አንድ። ጋቢ መያዝ የሚወድ ሰው አውቃለሁ፤ ሜዳ ላይ ሲተኙበት ደስ ይላል፣ ቦታ ግን ይበላል። ፎጣ ወይም ስስ ብርድ ልብስ ይተካዋል።

አራተኛ፦ ጫማ

ሦስት ጥንድ። እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

አንድ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ ሽፍን ጫማ። የኤርታሌ ድንጋይ ቀዝቅዞ የጠጠረ ገሞራ ነው፤ ገጹ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ይቆርጣል። አዲሱ ድርብርብ ላዩ ስስ ሆኖ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል እግር ይሰጥማል። መሪው የረገጠውን ብቻ ርገጡ። የቆዳ ጓንትም ያዙ። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ እጁን ነው የሚሰድደው።

ይኸው ጫማ ዳሎል ላይም ያገለግላል፤ ግን የምትወዱት ጫማ አይሁን። ዳሎል ላይ ያሉት ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ፒኤች መጠናቸው ከ1 በታች ነው፤ ከመኪና ባትሪ አሲድ ጋር የሚወዳደር ማለት ነው። ጨውና አሲድ የጫማውን ማስቲሽ ይበላዋል። አሮጌ ግን ያልተገነጠለ ጫማ ተመራጭ ነው። አዲስ ገዝቶ እዚያው መጀመር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ተረከዝ ተልጦ ቀሪው ጉዞ ማነከስ ይሆናል።

ሁለት፣ ከኋላ የሚታሰር ሰንደል፤ ለመኪና፣ ለሰፈር፣ ለሆቴል። ሦስት፣ ለባሕር የሚሆን የጎማ ሶል ያለው የውኃ ጫማ። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ኮራል አለው፣ እሾሃማ የባሕር ፍጥረትም አለው። አሳል ሐይቅ ዳርም የጨው ክሪስታል ነው፤ በባዶ እግር ሲረግጡት ደም ያወጣል።

ሜዳ ስታድሩ ጫማችሁን ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ ጠዋት አራግፉ። ጊንጥ ጨለማና ጠባብ ቦታ ይወዳል።

አምስተኛ፦ ውኃ

ሌላው ሁሉ ቢጎድል ሰው ይቸገራል። ውኃ ቢጎድል ግን ይሞታል። ስለዚህ በሒሳብ እንሂድ።

በበረሃው ክፍል ለአንድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን 5 ሊትር ያዙ። አራት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር ማለት ነው። በዚያ ላይ መኪናው ቢቆም ለአንድ ተጨማሪ ቀን 20 ሊትር። ለማብሰያ፣ ለእጅና ለራዲያተር ደግሞ በጀሪካን ለብቻው። የመጠጡንና የመታጠቢያውን ጀሪካን በቀለም ወይም በጨርቅ ለዩት፤ ማታ በጨለማ ይምታታል።

የታሸገ ውኃ በ2 ሊትር ሃይላንድ ሲገዛ ይቀላል። አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል። አንድ ትልቅ ጀሪካን ብቻ ይዞ መሄድ ግን ዕድልን መፈተን ነው። ፀሐይ ላይ አትጫኑት፤ ከወንበር ሥርና ከኋላ በብርድ ልብስ ሸፍኑት።

ማቀዝቀዣ ስለሌለ የድሮውን ዘዴ ተጠቀሙ። ኮዳውን ወይም ሃይላንዱን እርጥብ ካልሲ አልብሱትና ጥላ ውስጥ ነፋስ ላይ ስቀሉት። ውኃው ከጨርቁ ሲተን የውስጡን ያቀዘቅዛል። አፋር ላይ ይህ በደንብ ይሠራል። ጅቡቲ ላይ ግን አትድከሙ፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ከጨርቁ ላይ የሚተነው ትንሽ ነው። እዚያ የበረዶ ሳጥን ያስፈልጋል።

ጥማትን አትጠብቁ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ ዘግይታችኋል። ሌላው ስህተት ደግሞ ውኃ ብቻ እየጠጡ ጨው አለመብላት ነው። በላብ የሚወጣው ጨው ካልተተካ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መሸማቀቅ ይመጣል። ኦአርኤስ ከፋርማሲ ግዙ፤ አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ነው። ከጠፋ ደግሞ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው እንዳይበዛ። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ስለ ጨው ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ስድስተኛ፦ ስንቅ

በዚህ ጉዳይ ከፈረንጅ የምንማረው ብዙ የለም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ ለዚህ መንገድ የተፈጠሩ ናቸው። አይቀልጡም፣ አይሻግቱም፣ ቀላል ናቸው። ጨው ነካ ያለ ቆሎ ኪስ ውስጥ ቢኖር ላብ የወሰደውን ጨው ይመልሳል። በሶ በጠዋት በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ምግብም ውኃም ነው፤ ሙቀት የምግብ ፍላጎታችሁን ሲዘጋው ደግሞ የሚወርደው እሱ ብቻ ነው። ድርቆሹ ማታ ሽሮ ወይም ቲማቲም ስልስ ካለ ፍርፍር ይሆናል።

ቴምር፣ ለውዝ፣ የታሸገ ቱና፣ ብርቱካንና ሎሚ ጨምሩ። ሙዝ በመጀመሪያው ቀን ብሉት። ቸኮሌት አትግዙ። ዳቦ በደረቅ አየር ውስጥ ከሰዓት ድንጋይ ይሆናል። ቅቤ ቀልጦ ዘይት ስለሚሆን ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ አድርጉት፣ ዕቃውን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በሌላ ላስቲክ። ቅቤ የነካው ቦርሳ ሽታውን አይለቅም።

ጀበና ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። እኔ አልቃወምም። ዳሎል አጠገብ ባለችው ሰፈር፣ ሐመደ ኢላ ላይ፣ ማታ ቡና ሲፈላ የሚጠላ ሰው እስካሁን አላየሁም። ብቻ ጀበናውን በሽርጡ ጠቅልሉት።

ለምታርፉበት ሰፈር የሚሆን ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ቡና ቋጥራችሁ ብትወርዱ መልካም ነው። መንገድ ዳር ለልጆች ከረሜላ ከመበተን፣ ለቤቱ እናት አንድ ኪሎ ስኳር መስጠት ክብር አለው። ጉዞው ከረመዳን ጋር ከገጠመ ደግሞ ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት አይገባም፤ ውኃችሁን መኪና ውስጥ ሆናችሁ ጠጡ።

ሰባተኛ፦ የመድኃኒት ቦርሳ

ለደጋ ሰው ቆላ መውረድ ሁልጊዜ ከወባ ጋር አብሮ ይነሳል። ድሮ ወባ የገጠር በሽታ ነበር። አሁን ግን ስቴፈንሲ የተባለች ከተማ የለመደች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝታለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የወባ ወረርሽኝ ያመጣችው እሷ ናት። ስለዚህ «ከተማ ሆቴል ነኝ» ብሎ መዘናጋት የለም። የወባ መከላከያ ክኒን ጉዳይ ከመነሳታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም ጠይቁ። ሜዳ ለሚተኛ ሰው አጎበር ያስፈልጋል፤ ከላይ የሚሰቀልበት እንዳይጠፋ ሲባጎ አብሮት ይግባ። ዲት ያለበት የትንኝ መከላከያ ቅባትም ያዙ። ቀን የምትነክሰው ትንኝ ደግሞ ዴንጌ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ ታመጣለች፤ ለማታ ብቻ አትቀቡ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሰንስክሪን፣ ሲደርቅ ከላዩ የትንኙን ቅባት። ሰንስክሪኑ (የፀሐይ መከላከያ ቅባቱ) ላዩ ላይ የተጻፈው SPF 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ቆዳችን ጠቆር ያለ ስለሆነ አያስፈልገንም የሚል አለ። ይቃጠላል፤ ልዩነቱ መቅላቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው።

ሌላው፦ ፓራሲታሞል፣ የአለርጂ ክኒን፣ የዓይን ማጠቢያ ጠብታ፣ ፋሻና ፕላስተር፣ የቁስል ማጠቢያ፣ ቫዝሊን፣ የሕፃናት ፓውደር፣ መርፌና ፒንሳ። ቫዝሊኑ በበረሃ ለከንፈርና ለአፍንጫ፣ ባሕር ዳር ለጭን መፋተግ ነው። ፓውደሩ ለእግር ጣት መሃል። ሞዴስ ከአዲስ አበባ ያዙ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ይሁን። ሶፍትና ሳኒታይዘር የሁሉም ነው። የተጠቀማችሁበት ሶፍት ማጠራቀሚያ ላስቲክም አትርሱ። ጨው ሜዳ ላይ የተጣለ ሶፍት አይበሰብስም፤ ነፋስ ይዞት ይዞራል።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ያስብበት። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በላይ ባይቆይ ጥሩ ነው። በውኃ ተነክሮ በትነት የሚያቀዘቅዝ የኢንሱሊን ከረጢት አለ። አፋር ላይ ያገለግላል፤ ጅቡቲ ላይ ግን ከላይ ባልኩት ምክንያት አትመኑት፣ ሆቴሉ ፍሪጅ እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ።

ማስክ፦ የአቧራና የአመድ ማስክ ያዙ፤ ግን ጋዝ አይከለክልም። ኤርታሌና ዳሎል ላይ የሚያፍነው የድኝ ጋዝ ነው። ዋናው መከላከያ ነፋሱ ከኋላችሁ እንዲመጣ ሆኖ መቆም ነው። አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት ኪሱ ይያዝ እንጂ መኪና ውስጥ አይተው።

አብሯችሁ ያለ ሰው ሰውነቱ ግሎ ማውራቱ ከተደነባበረ ወይም እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ «ይተኛ» አትበሉ። ጥላ ውስጥ አስገቡ፣ ልብሱን አላሉ፣ ውኃ አፍስሱበት፣ አራግቡበት፣ ወደ ሕክምና ንዱ። ራሱን ካላወቀ በአፉ ምንም አትስጡት።

ስምንተኛ፦ ስልክና ኤሌክትሪክ

ብዙ ስልኮች ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን መሥራት ይከብዳቸዋል፤ ይግላሉ፣ ደብዘዝ ይላሉ፣ ራሳቸውን ይዘጋሉ። የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እየመታው ቻርጅ አታድርጉ። ከሙቀቱ ሲወጣም ውኃ ውስጥ ወይም በረዶ ላይ አትጣሉት፤ ጥላ ይበቃዋል። ካርታውን ከሰመራ በፊት አውርዱት። ከሎጊያና ሰመራ ስትወጡ ኔትወርክ መጥፋት ይጀምራል።

ፓወር ባንክ ሁለት መካከለኛ ከአንድ ግዙፍ ይሻላል። የመመለሻው መንገድ አውሮፕላን ከሆነ 27,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ያለ ችግር የሚያልፈው ጣሪያ ነው፤ የሚያዘውም በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም። ሶኬቱ እዚህም ጅቡቲም 220 ቮልት ነው፤ ሁለት ክብ እግር ያለው ቻርጀር ሁለቱም ጋ ይገባል። ከዱባይ የመጣው ባለ ሦስት ካሬ እግር ግን አዳፕተር ይፈልጋል። አንድ ዲቫይደር ብትይዙ አራት ሰው በአንድ ሶኬት አይጣላም።

ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ከትርፍ ድንጋይ ጋር። በእጅ የሚያዘው አይበቃም፤ ኤርታሌ ላይ ሁለቱም እጅ ነፃ መሆን አለበት።

ድሮን ያለ ፈቃድ አትያዙ። ጅቡቲ ውስጥም ወደቡንና የጦር ሰፈሮቹን ፎቶ አታንሱ። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ያለበት ከተማ ነው፤ ቀልድ አያውቁም።

ዘጠነኛ፦ መኪናው

ሹፌር ቀጥራችሁም ቢሆን ከመነሳታችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ሁለት ስኮርት ጎማ፣ የሚሠራ ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ጣውላ (አሸዋ ላይ ክሪክ ይሰጥማል)፣ መጎተቻ ገመድ፣ የጎማ መሙያ፣ አካፋ፣ ትርፍ ነዳጅ። ከአፍዴራ ወዲያ ጎሚስታ ፍለጋ የለም። በሁለት መኪና መሄድ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

አስረኛ፦ የባሕር ቦርሳው

ጋላፊን አልፋችሁ አሁን ክፈቱት። የዋና ልብስ፣ የውኃ ጫማ፣ የዋና መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ፣ ውኃ የማያስገባ ትንሽ ቦርሳ ለጀልባ፣ ስስ ልብሶቹ፣ የልብስ መስቀያ ገመድ።

አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ነው፤ በአፍሪካ ከዚህ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ጨዉ ስለሚያንሳፍፍ ሰው መግባት ይወዳል። ከመግባታችሁ አንድ ቀን በፊት ጢምም ሆነ እግር አትላጩ። ትንሿ ጭረት እንኳ እንደ እሳት ታቃጥላለች። ዓይናችሁን አትንከሩ። ስትወጡ መለቅለቂያ ስለማታገኙ ለአንድ ሰው 5 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጀሪካን ይዛችሁ ውረዱ።

ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ ይታያል፤ በዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፣ ሰው ግን አይበላም። ለማየት የሚወጣው በጀልባ ነው። የማቅለሽለሽ ክኒን ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ዋጡ። ሰንስክሪን ተቀብቶ ወዲያው ውኃ መግባት ለኮራሉ ጥሩ አይደለም፤ እጀ ረጅሙን የዋና ልብስ የመከርኩት ለዚህም ጭምር ነው።

ስትመለሱ

ጫማውን፣ ዚፖቹን፣ የዋና መነጽሩንና የቦርሳውን ዘለበት በንጹሕ ውኃ ለቅልቁ። ጨው ዚፕን በሁለት ሳምንት ውስጥ ያደርቀዋል። መኪናውንም ከሥሩ አስጠቡት።

ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ሳምንትም ይሁን ከወር በላይ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን የደም ምርመራ አድርጉ፤ ለሐኪሙም አፋርና ጅቡቲ እንደነበራችሁ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። የወባ ክኒን የጀመረ ሰው ደግሞ ቤት ስለገባ አያቋርጥ፤ ሐኪሙ እስከ ነገረው ቀን ድረስ ይዋጠው።